ሁለት ቀለም ብቻ፦ የመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ሸክላ

ማህሌት፦ ጣሊያንና ሸክላ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በየቀለሙ ያሸበረቁትን ሳህኖች ነው። እኛ ግን ዛሬ ከዚያ ቀደም እንላለን።

ዮናስ፦ አዎ፣ ወደ 13ኛውና 14ኛው ክፍለ ዘመን። ፒሳ፣ ሲዬና፣ ኦርቪየቶ፣ ቪተርቦ ወደሚባሉት የጣሊያን ከተሞች። ባለሙያዎቹ ጥንታዊ ማዮሊካ ይሉታል። እኔ እንደውም ከኋለኛው ይልቅ ይሄኛው ነው የሚማርከኝ።

ማህሌት፦ እስቲ ለአድማጮቻችን ምን እንደሆነ ንገራቸው።

ዮናስ፦ የአካባቢው ጭቃ ሲተኮስ ይቀላል። በእርሳስ የተሠራ ግሌዝ፣ ማለትም ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ፣ ብትቀቢው ያብረቀርቃል፣ ግን ከሥሩ ያለው ቀይ ጭቃ እንዳለ ይታያል። ግሌዙ ላይ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሲጨመርበት ነጭ ይሆንና ጭቃውን ይሸፍነዋል። ሥዕል የሚያምረው ያኔ ነው፤ ማዮሊካ የሚባለውም እንዲህ ነጭ ተቀብቶ የተሣለበት ሸክላ ነው። ይህን በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የኢራቅ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ባስራ ላይ፣ ከቻይና የሚመጣውን ነጭ ዕቃ ለማስመሰል ሲደክሙ።

ማህሌት፦ ወደ ፒሳ ደግሞ እንዲህ ያለው ዕቃ በባሕር ደረሰ። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። የፒሳ ሰዎች ከቱኒዝያ፣ ከሲሲሊ፣ ከስፔን የመጡ ባለቀለም ሳህኖችን የቤተ ክርስቲያናቸው ግድግዳ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ጌጥ አድርገው ይገጥሟቸው ነበር። ሳን ፒየሮ አ ግራዶ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከሺህኛው ዓመት አካባቢ ጀምሮ እንዲህ ያጌጠ ነው። ብዙዎቹ ሳህኖች አሁን እዚያው ፒሳ፣ ሳን ማቴዮ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።

ዮናስ፦ የከተማዋ ሸክላ ሠሪዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ ዕቃ መሥራት የጀመሩት ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሲጀምሩም ቆጥበው ነው። ቆርቆሮ ከሩቅ አገር የሚመጣ ውድ ነገር ነበር። አንድ ገንቦ አገላብጠሽ ብታዪ ነጩ ግሌዝ ያለው ዓይን በሚያርፍበት በውጭ በኩል ነው፤ ውስጡን ርካሹን የእርሳስ ግሌዝ ነው የቀቡት። ሳህን ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው፦ ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ተራ።

ማህሌት፦ ቀለሙስ?

ዮናስ፦ ሁለት ብቻ። ከመዳብ አረንጓዴ፣ ከማንጋኒዝ ቡናማ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። መዳብ እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈስሳል፣ ከተቀመጠበት ይወጣል። ማንጋኒዝ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ሠዓሊው ወፍ ሲሥል ቅርጿን በቡናማ መስመር ያወጣና አረንጓዴውን መሀሏ ላይ ያደርጋል። የኦርቪየቶን ወፎች በቅርብ ስታዪ አረንጓዴው አንዳንዴ ከክንፉ አምልጦ ወጥቷል፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ማህሌት፦ ከወፏ ኋላ ያለው ባዶ ቦታስ? በተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይሞላል። ያ ነው ወፏን ወደ ፊት የሚያወጣት።

ዮናስ፦ እጃቸው ደግሞ ፈጣን ነው። ያልተተኮሰ ግሌዝ አዲስ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ነው፤ ብሩሹ እንደነካው ቀለሙን ይመጠዋል። ማረም፣ መሰረዝ የለም። ያ ፍጥነት በዓሣውም፣ በሴቶቹ ፊትም፣ የሰው ራስ ባላቸው አውሬዎችም ላይ ይታያል።

ማህሌት፦ ይሄን ሁሉ ያገኘነው ደግሞ ከቆሻሻ ጉድጓድ ነው! ኦርቪየቶ የተሠራችው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ሰዎች ከቤታቸው ሥር ጉድጓድ ፈልፍለው የተሰበረውን ዕቃ እዚያ ይጥሉ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆፋሪዎች ደርሰውበት ስብርባሪው ወደ ሰብሳቢዎች እጅ ገባ። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው የወጣው ያለ መዝገብ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተገኘ ዛሬ ማወቅ አይቻልም።

ዮናስ፦ ከዚያ ኮባልት መጣ፣ ሰማያዊው። ፍሎረንስ ላይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወፍራም አድርገው ይቀቡት ስለነበር ከተተኮሰም በኋላ ከፍ ብሎ በጣት ይዳሰሳል። ጁንታ ዲ ቱጆ የተባለ ሸክላ ሠሪ በ1430 አካባቢ ለሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ሆስፒታል ወደ ሺህ የሚጠጋ የመድኃኒት ማሰሮ እንዲሠራ ታዝዟል። የሆስፒታሉ ምልክት ክራንች ስለሆነ እጀታዎቹ ላይ ክራንች ተሥሎ ታያለሽ።

ማህሌት፦ እነዚያም ያምራሉ። ግን ምረጪ ብትለኝ፣ እኔ የኦርቪየቶን ወፍ ነው የምወስደው።

ዮናስ፦ እኔም!