ስም ሲጠራ «አቤት» ላላለ ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው።

እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ሰብሰብ ስንል ደጋግማ የምትመጣ ወሬ አለች። «አቦርጂኖች እኮ መንግሥት ለትምህርት በሽ በሽ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ናቸው መማር የማይፈልጉት።» አቦርጂኖች የሚባሉት የአገሩ የጥንት ነባር ሕዝቦች ናቸው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሥራ ቦታ የሰሙትን ነው የሚደግሙት። እኔን ግን ከነከነኝና ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚሄድ ሳነብ ሰነበትኩ።

ልጅ ስታስመዘግቡ የሞላችሁትን ፎርም አስታውሱ። «ተማሪው የአቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነው?» የሚል ጥያቄ አለበት። እኛ «አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን እናልፋለን። «አዎ» ያለው ቤተሰብም ለዚያች ምልክት ብሎ እጁ ላይ የሚገባለት ሰባራ ሳንቲም የለም። ምልክቷ የምትቆጠረው ለትምህርት ቤት በጀት ነው።

የበጀቱ ስሌት የመጣው መንግሥት ያቋቋመውና ዴቪድ ጎንስኪ የመሩት አጥኚ ቡድን በ2011 ካጠናቀቀው ጥናት ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከ2014 ጀምሮ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ መነሻ ገንዘብ ይቀመጣል። በ2024 ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ 13,570 ዶላር ነበር። ተማሪው አቦርጂናል ከሆነ በዚያ ላይ ቢያንስ 20 በመቶ ይጨመራል። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች መካከል ድርሻቸው ከፍ ሲል ጭማሪውም ከፍ ይላል፤ ሁሉም አቦርጂናል የሆኑበት ትምህርት ቤት 120 በመቶ ይደርሳል። በአንድ ልጅ ሌላ 16,284 ዶላር ማለት ነው። በሽ በሽ የተባለው ይሄ ይመስለኛል።

ችግሩ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ መሆኑ ነው። ቁጥሩ «ይሄ ያስፈልጋል» ተብሎ የተሰላ እንጂ እጅ የገባ አይደለም። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የፌዴራሉ ድርሻ ለዓመታት 20 በመቶ ብቻ ነበር፤ የቀረው ለክፍለ ግዛቶቹ የተተወ ነበር። አብዛኞቹ አላሟሉም። ከድርሻቸው ላይም እስከ 4 በመቶ ድረስ የሕንፃ የእርጅና ተቀናሽንና የተማሪ ማመላለሻን የመሳሰለ ወጪ እንዲያስገቡ ተፈቅዶላቸው ነበር። አስቡት፣ ሕንፃው ማርጀቱ ራሱ ለልጁ እንደወጣ ገንዘብ ሲቆጠር! ከሁሉም ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ ከተማሪዎቹ መካከል የአቦርጂናል ልጆች ድርሻ ከየትኛውም ቦታ የሚበልጥበት፣ በሰሜን ያለው ግዛት፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ነው።

እዚያ ደግሞ የባሰ ነገር ነበር። ከ2015 ጀምሮ ቴሪቶሪው ለትምህርት ቤቶች በጀት ሲያከፋፍል የተመዘገበውን ልጅ ሳይሆን የተገኘውን ልጅ ይቆጥር ነበር። ስም ሲጠራ «አቤት» ያለውን በሉት። 40 ልጅ ተመዝግቦ በአማካይ 20 ከመጣ፣ በጀቱ ወደ 20ዎቹ ይጠጋል። ግን እኮ 20ዎቹ ሁልጊዜ እነዚያው አይደሉም! ሰኞ የቀረው ሐሙስ ይመጣል። አስተማሪዋ የምታውቀውም የምታስተምረውም 40ውን ነው። እንዲያውም ሦስት ሳምንት ቆይቶ የተመለሰ ልጅ ከማንም በላይ ጊዜዋን ይፈልጋል።

ለምን ይቀራሉ? በዝናቡ ወራት መንገዱ በጎርፍ ይዘጋል። ለቅሶ ሲሆን ቤተሰብ ተነስቶ ይሄዳል፤ ይሄን ለእኛ ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ፣ ክፍል ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ። አስተማሪው ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣል። ታዲያ ልጁ ሲቀር በጀት ይቀነሳል፣ በጀት ሲቀነስ ረዳት አስተማሪ ይጠፋል፣ ረዳት ሲጠፋ ሌላ ልጅ ይቀራል። «ከሌለው ግን ያው ያለው እንኳ ይወሰድበታል» የሚለው ቃል በበጀት ቀመር ተጽፎ ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

«መማር የማይፈልጉት» ስለሚባለውም አንድ ነገር ልጨምር። ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ እስከ 1972 ድረስ ርእሰ መምህሩ አቦርጂናል ልጅን አልቀበልም ብሎ መመለስ ይችል ነበር። በ1972! ያኔ ከበር የተመለሱት ልጆች ዛሬ የተማሪ አያቶች ናቸው። ልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሲሸኙ ልባቸው ሙሉ ባይሆን ይገርማል?

የቴሪቶሪው መንግሥት በመጨረሻ ያንን ቆጠራ ለመተው ወሰነ። በ2024 ደግሞ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተስማማ፤ የፌዴራሉ ድርሻ ከ20 ወደ 40 በመቶ ያድጋል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹም በ2029 ሙሉ በጀታቸውን ያገኛሉ። ጥሩ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ግን ቀመሩ በተጀመረበት በ2014 አንደኛ ክፍል የገባውን ልጅ አስቡት። በ2025 አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ፣ ያውም እዚያ ከደረሰ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቴሪቶሪው አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉውን በጀት አልሞላም። አዲሱ ስምምነት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፍለው ነገር የለም።