ንጹሑ መኪና በጄኔሬተር ሲሞላ

የተከበራችሁ የታክሲና የባጃጅ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ የድሬ ልጆች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የኤሌክትሪክ መኪና በእርግጥ ከብክለት የጸዳ ነው ወይ?» የሚል ነው። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ዕድሜዬን የፈጀሁት በምድር ባቡር የናፍጣ ሞተር ስጠግን ነው፤ ጭስን በሳንባዬ አውቀዋለሁ።

መኪናው ራሱ ጭስ የለውም። መጠየቅ ያለበት ባትሪውን የሞላው ኃይል ከየት እንደመጣ ነው። አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል ሲመነጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ በዚያ ኃይል የሚሄድ መኪና ከቤንዚኑ ብዙም አይሻልም። የእኛ አገር መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚህ ኃይል ለሚሞላ መኪና መልሴ ያለ ማመንታት «አዎን» ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ኃይሉ እኛ ቤት ሳይደርስ ሲቀር ነው። የእህቴ ልጅ ባጃጁን ሸጦ፣ የዕቁብ ገንዘቡን ጨምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ባለፈው ግንቦት፣ ሙቀቱ ሰውን ከቤት በሚያስወጣበት ሰሞን፣ የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ልጁ አምስት ቀን ሙሉ ወደ መብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ሲመላለስ መልሱ «ነገ ይሠራል» ብቻ ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው መኪና አቁሞ መቀመጥ ስለማይችል በስድስተኛው ቀን የናፍጣ ጄኔሬተር ተከራየ። እኔ እንደ ሁላችሁም በግንቦት አልጋዬን ግቢ አውጥቼ የምተኛ ሰው ነኝ፤ ሁለት ሌሊት ያንን ጭስ ስምግ አደርሁ። የልጅ ልጄም ስትስል አደረች። ሲነጋ እርሳስ ይዤ አሰላሁት። ጄኔሬተሩ 15 ሊትር ጠጥቷል። ከአንድ ሊትር ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢገኝ፣ በመሙላት የሚባክነው ተቀንሶ መኪናውን ወደ 250 ኪሎ ሜትር ቢወስደው ነው። ያንኑ ናፍጣ አንዲት ትንሽ የናፍጣ መኪና ብትጠጣው ከዚያ ያላነሰ መንገድ ትሄድ ነበር! ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከእኛ ግቢ ወጣ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ደግፌያለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ነገር ግን ሰውን ኤሌክትሪክ መኪና አስገዝቶ መስመሩን እንደነበረ መተው በደል ነው! ባቡሩ በኤሌክትሪክ በደጃችን ያልፋል። ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይል የሚሻገረው በእኛው ከተማ በኩል ነው። የድሬ ሰው ግን ለአንድ ትራንስፎርመር ደጅ ይጠናል! ይህን እስከ መቼ ነው ዝም የምንለው?

ስለ ባትሪው የሚነሣው ሥጋትም እውነትነት አለው፤ ሲመረት ብዙ ይበክላል። መኪናው በንጹሕ ኃይል ብዙ በተነዳ ቁጥር ግን ይካካሳል። ሲያረጅ የት እንደሚወገድ ከአሁኑ ይወሰን።

በሩ አጠገብ ያለው አቤቱታ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ለየሠፈሩ ተጠባባቂ ትራንስፎርመር እንዲዘጋጅና መብራት የሚቋረጥበት ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገረን። ስትፈርሙ የቆጣሪ ቁጥራችሁንና ባለፈው ወር መብራት ያጣችሁባቸውን ቀናት ጻፉበት። ሰኞ ጠዋት ይዘነው እንሄዳለን።