የጄምስ ብራዶክ ግራ እጅ

ክቡራን አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ እናንተም ከልምምድ ወጥታችሁ ላባችሁ ሳይደርቅ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አንድ ቦክሰኛ ሕይወት አውራን ስትሉኝ ብዙዎቻችሁ መሐመድ ዓሊን ወይም ታይሰንን እንደማነሳ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። የእነሱን ታሪክ እናንተ ከእኔ አብልጣችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ጄምስ ብራዶክን ይዤ ነው። የምጠራቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብራዶክ በ1905 ኒውዮርክ ውስጥ ሄልስ ኪችን በሚባል የድሆች ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ ከእንግሊዝ የመጡ፣ ዘራቸው ግን ከአየርላንድ የሚመዘዝ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የአይሪሽ ልጅ ጓንት ማጥለቁ ማንንም አያስገርምም። ከጆን ሱሊቫን እስከ ጂን ተኒ የከባድ ሚዛን ዘውድ የጫኑ የዚያ ዘር ልጆች በርካታ ናቸው።

በ1926 ፕሮፌሽናል ሆነ። ሀብቱ ቀኝ እጁ ነበር፤ ያገኘውን በቀኙ ያጋድማል። በሐምሌ 1929 ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ለቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ከቶሚ ሎክራን ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተረታ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፣ ያጠራቀመው ገንዘብም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ከድሉ ሽንፈቱ በለጠ። ቀኝ እጁ ደጋግሞ ተሰበረ፤ ሳይድን ይጋጠማል፣ እንደገና ይሰበራል። በ1933 ከኤብ ፌልድማን ጋር ሲጋጠም እጁ ዳግም ተሰብሮ ግጥሚያው ያለ ውጤት ተቋረጠ። ሚስትና ሦስት ትናንሽ ልጆች ቤት ውስጥ አሉ።

ስለዚህ ወደብ ወረደ። በኒውጀርሲ ዳርቻ መርከብ የሚጭንና የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ያውም ሥራ በተገኘ ቀን። እዚህ ላይ አሰልጣኞች ጆሯችሁን ስጡኝ። የወደብ ሠራተኛ ጭነቱን የሚጎትተው በብረት መንጠቆ ነው። ብራዶክ ቀኙ ስለማይታዘዘው መንጠቆውን በግራው ይይዛል። ወግቶ ይስባል፣ ያነሳል፣ ይወረውራል፤ ቀኑን ሙሉ፣ ወር ከወር። ድሮ ሚዛን ከመጠበቅ በቀር እምብዛም ሥራ ያልነበረው ግራ እጅ ትከሻው ደደረ፣ ክንዱ ጠነከረ። የትኛውም የልምምድ አዳራሽ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር አያወጣም፤ ቢያወጣም የሚችለው አይገኝም።

ደመወዙ ግን ቤት አልያዘም። መብራት እስከ መቆረጥ ሲደርስ እኛ አገር ሴፍቲኔት እንደምንለው ካለ የመንግሥት የድጎማ መዝገብ ላይ ስሙን አስጻፈ። ኩሩ ሰው ስለነበር ይህ ከማንኛውም ቡጢ በላይ ሳያመው አይቀርም።

ሰኔ 14 ቀን 1934 ማናጀሩ ጆ ጉልድ በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ግጥሚያ አመጣለት። ሎንግ አይላንድ ሲቲ ውስጥ የዚያ ምሽት ዋና ግጥሚያ ፕሪሞ ካርኔራ ከማክስ ቤየር ነበር፤ ብራዶክ የተጠራው ኮርን ግሪፈን ለሚባል ተስፈኛ ወጣት መወጣጫ እንዲሆን ነው። ክፍያው 250 ዶላር። በሁለተኛው ዙር ብራዶክ ወደቀ። ተነሳ። በሦስተኛው ግሪፈንን በዝረራ አሸነፈው። በዚያው ሌሊት ቤየር ካርኔራን ደብድቦ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ቀጥሎ ጆን ሄንሪ ሉዊስን፣ ከዚያ አርት ላስኪን በነጥብ ረታ። ገንዘብ ሲያገኝ የመጀመሪያ ሥራው ከመንግሥት የወሰደውን ድጎማ መመለስ ነበር። ማንም አላስገደደውም።

ሰኔ 13 ቀን 1935፣ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በዚያው ሜዳ ከቤየር ጋር ተፋጠጠ። ቤየር በ1930 የገጠመው ሰው በደረሰበት ጉዳት ሞቷል፤ ቀኙ ይፈራ ነበር። አወራራጆች 10 ለ 1 ለቤየር ሰጥተዋል። ቤየር ግን ልምምዱን ንቋል፣ ሪንግ ውስጥም ይቀልዳል። ብራዶክ አልቀለደም። ያንን የወደብ ግራውን በጃብ፣ ማለትም በፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ እያስቀደመ፣ የሚመጣበትን እየቻለ 15 ዙር ጨረሰና ሻምፒዮን ተባለ። ጋዜጦች በተረቷ ድሃ ልጅ ስም የሲንደሬላው ሰው እያሉ የዕድል ታሪክ አደረጉት። እኔ በዚህ አልስማማም። ዕድሉ የሁለት ቀኑ ጥሪ ብቻ ነው።

ከ12 ቀን በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ ምክንያቱም እኛንም ይነካል። ጆ ሉዊስ የሚባል የ21 ዓመት ጥቁር ቦክሰኛ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ያንኑ የጣሊያኑን ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አስቆመው። ሙሶሊኒ በእኛ ላይ ጦር እያዘጋጀ ስለነበር ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነበር ያዩት። በዚያው ዓመት በጥቅምት የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ብራዶክ ማዕረጉን ሲያስጠብቅ በሕግ ተራው የጀርመኑ ማክስ ሽሜሊንግ ነበር፤ በ1936 ሉዊስን በዝረራ አሸንፏል። ጉልድ ግን ሌላ ስሌት ነበረው። ሽሜሊንግ ቢያሸንፍ ቀበቶው ናዚ ጀርመን ይገባል፣ ከዚያ ማን ያስመልሰዋል? ስለዚህ ወደ ሉዊስ ሰዎች ዞሮ እንዲህ ያለ ውል አስፈረመ፦ ሉዊስ ካሸነፈ የግጥሚያው አዘጋጅ ከሉዊስ የከባድ ሚዛን ግጥሚያዎች ከሚያገኘው ትርፍ ለብራዶክ ወገን ለ10 ዓመት 10 በመቶ ይከፍላል። ሽሜሊንግ በዚህ ተበድሏል፣ እውነቱ ይነገር። ያም ሆኖ ከ1915 ወዲህ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ከተሸነፈ ጀምሮ፣ ለከባድ ሚዛን ዘውድ የሚጋጠም ጥቁር ሰው አልነበረም። በሩ የተከፈተው በዚህ ውል ነው።

ሰኔ 22 ቀን 1937 ቺካጎ። ብራዶክ በመጀመሪያው ዙር ሉዊስን ጣለው! ሉዊስ ወዲያው ተነሳና ሥራውን ጀመረ። ሰባተኛው ሲያልቅ የብራዶክ ፊት የሚታይ አልነበረም፤ ጉልድ ላስቁም አለው። ካስቆምከው እስከ ዕድሜዬ አላናግርህም ብሎ ተነሳ። በስምንተኛው የሉዊስ ቀኝ አገኘው፣ በግንባሩ ተደፋ። ሉዊስ በኋላ ከገጠምኳቸው ሁሉ ደፋሩ እሱ ነው ብሏል።

በጥር 1938 ቶሚ ፋርን በነጥብ አሸንፎ ጓንቱን ሰቀለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሠራዊቱ አገለገለ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኒውዮርክ ቬራዛኖ ድልድይ ሲሠራ እንደገና ከሠራተኞቹ አንዱ ነበር። በ1974 በኒውጀርሲ ኖርዝ በርገን አረፈ።

የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነው። ስለ ግራ እጁ ልምምድ አሰልጣኞቻችሁ ከእኔ የተሻለ ይመልሳሉ። ስለዚያ 10 በመቶ ግን እኔን ጠይቁኝ፤ በተለይ በቅርቡ ውል ልትፈርሙ ያሰባችሁ። አመሰግናለሁ።