የእማዬ ጉበት ምንም አልሆነም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምቀርጸው፣ የጀልባ ሞተር ከተሰማችሁ ችላ በሉት።

እማዬ ስኳር ካለባት ቆየች። ባለፈው ሚያዝያ ግን ሌላ ሰው ሆነችብን። ባሕር ዳር በሚያዝያ እንዴት እንደምታቃጥል ታውቃላችሁ፣ እሷ ጋቢ ደርባ «በረደኝ» ትላለች። ደረጃ ስትወጣ ጭኗን ይዛ ትቆማለች። እኛም ስኳሩ ነው አልን። ስኳር ያለበት ቤት እኮ ጥርስ ቢያምም ጥፋተኛው ስኳር ነው።

አንድ ቦታ ደም ሰጠች። «የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሏል» ተባልን፣ ኤስጂኦቲ የሚሉት። ጉበት! በቃ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዷ ጎረቤታችን የተቀቀለ ቅጠል ይዘው ከች አሉ፣ እኔ ደበቅኩት።

ሌላ ሐኪም ግን ጭኗን ጫን ጫን አደረገና «እናቴ፣ ጡንቻዎን ያምዎታል?» አላት። ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይምና ቲኤስኤች የሚሉትን፣ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ «ሥራ» ብሎ የሚያዝዘውን ሆርሞን እንድትለካ አዘዘ። ሁለቱም ሰማይ ነክተው መጡ። ቲኤስኤች እንዲህ የሚጮኸው ዕጢው ሲሰንፍበት ነው፣ ታይሮይዷ ደክሟል።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። መንገድ ላይ የፈሰሰ ዱቄት ብታዩ ከየትኛው ወፍጮ ቤት እንደወጣ ዱቄቱ አይናገርም። ኤስጂኦቲም ጉበት ውስጥ አለ፣ ጡንቻ ውስጥም አለ፣ ልብ ውስጥም አለ። ታይሮይድ ሲቀንስ የጡንቻ ሴል ኃይል ያንሰውና ውስጡ ያለው ኢንዛይም ወደ ደም ያፈስሳል፣ በዚያ ላይ ሰውነት ያንን ከደም የሚጠርግበት ፍጥነት ራሱ ይዘገያል፣ ስለዚህ ይከማቻል። ታይሮይድ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ነው፦ አጥንት ቶሎ ቶሎ ይፈርሳል ይሠራል፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው፣ ከአጥንትም የሚወጣ ሌላ ኢንዛይም ከፍ ይላል።

ስኳሩም ንጹሕ ነው አላልኩም። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ጉበቱ ላይ ብዙ ጊዜ ስብ ይከማቻል፣ ያኔ ኤስጂፒቲ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ሊጨምር ይችላል፣ እሱ ደግሞ በብዛት የጉበት ነው። የእማዬ ኤስጂፒቲ ደህና ነበር። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ያየው ሰው ጠፋ እንጂ።

የሚቆጨኝ ግን ይሄ አይደለም። የሦስት ወር ስኳሯ፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር የሚለካው ምርመራ፣ ያን ሰሞን ከፍ ብሎ ነበር፣ ቤት በጣት የምንለካው ግን እንደ ወትሮው ነው። ተደብቃ ማር ትልሳለች ብዬ ጠረጠርኳት፣ ጮህኩባትም። ለካ ታይሮይድ ሲቀንስ ቀይ የደም ሴሎች ከተለመደው 120 ቀን አካባቢ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ፣ በቆዩ ቁጥር ስኳር ይይዛሉ፣ ቁጥሩ ያለ ማር ይወጣል። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ማሩን ግን አንዴ ልሼአለሁ» አለችኝ።

አሁን የታይሮይድ ኪኒን ትወስዳለች፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ሲኬው ወርዷል፣ ደረጃውንም ሳትቆም ትወጣለች። ችግሩ ቡና ነው፣ ኪኒኑ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፣ መቆየት አለበት። ጠዋት ጠዋት ጀበናው አጠገብ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች።

«ደረሰ?»

«ገና ሃያ ደቂቃ፣ እማዬ።»