ሁለት ክንድ ክር

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ! ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ጊዜው ያንተ ነው ተብያለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አላስቀምጣችሁም።

ባለፈው ክረምት ከእናንተ መካከል የተወሰኑትን ሳልሞን ዓሣ ልናጠምድ ጀልባ ላይ ይዤ ወጥቼ ነበር። ክረምት ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሲያትል ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የሚወጣበት ወቅት መሆኑን ታውቃላችሁ። አብሮኝ የወጣው ሁሉ ገና ሕይወት ማዳኛውን ሳያጠልቅ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የማታለያው ቀለም ምን ይሁን? አረንጓዴ ነው ነጭ?» የክሩን ርዝመት የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ የመጣሁት ስለ ርዝመቱ ለመናገር ነው።

ያደግሁት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው። ዓሣ ማለት ለእኔ ሌሊት በመረብ ተይዞ ጠዋት ዳር የሚወጣው፣ አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ቆሞ የሚጠብቀው ቆሮሶ ነበር። እኛ ልጆቹ መንጠቆ ላይ ትል ሰክተን ቁጭ እንላለን፤ ዓሣው ሲፈልግ ይመጣል። ሳልሞን እንዲህ አይደለም። ሳልሞን መንገደኛ ነው፤ ከውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚገሰግስ። መንገደኛን መንገድ ላይ ወጥተህ ካልፈለግኸው አታገኘውም። ስለዚህ ጀልባዋ በዝግታ ትሄዳለች፣ ማታለያው ከኋላዋ ይጎተታል። ትሮሊንግ የሚሉት ይህንን ነው።

ይህ በእጄ የያዝኩት ፍላሸር ይባላል። 11 ኢንች የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ጫፎቹ ጎበጥ ብለዋል፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተለጥፎበታል። መንጠቆ የለውም። ውኃ ውስጥ ሲጎተት ሙሉ ክብ እየዞረ ይሽከረከራል፣ በዞረ ቁጥር ብልጭ ይላል። ከሩቅ ላየው ዓሣ፣ ሌላ ሳልሞን ሄሪንግ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች መንጋ ውስጥ ገብቶ እየተገለባበጠ የሚበላ ይመስለዋል። ያው ድግስ ያለበትን ቤት በጭሱ እንደማወቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ከዚህ ጎን ዶጀር የሚባል ታያላችሁ፤ እሱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ አይዞርም። አትቀላቅሏቸው።

ይህኛው ደግሞ ፍላይ ነው። ስሙ ዝንብ ማለት ነው፤ ዝንብ ግን አይመስልም። የሚያብለጨልጭ ቀጭን ጭራሮ መሳይ ክር፣ ትንሽ ፀጉር፣ ራሱ ላይ ዶቃ፣ ሥሩ መንጠቆ። ትንሽ ዓሣ ወይም ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እንዲመስል ነው የተሠራው። አሁን ይህን ሳብ አድርጌ ስጎትተው ተመልከቱ፤ ዝም ብሎ ይከተላል፣ የሞተ ነገር ነው። የራሱ እንቅስቃሴ የለውም። ሕይወት የሚሰጠው ፍላሸሩ ነው፤ ፍላሸሩ በዞረ ቁጥር ጭራውን ይወረውራል፣ ፍላዩም አብሮ ይፈናጠራል። ያንን ውርወራ ከፍላሸሩ ወደ ፍላዩ የሚያደርሰው ደግሞ በመካከል ያለችው አጭር ክር ናት። ሊደር ይሏታል። ጠቅላላ ጉዳዩ እዚች ክር ላይ ነው ያለው።

እኔ ይህንን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ነዳጅ አቃጠልኩ። ክሬ ስድስት ጫማ ነበረች፤ ዓሣው እንዳይፈራ ብዬ ደግሞ ቀጭን፣ ለስላሳ ክር መርጬ። ፍላሸሩ ፊት እየጨፈረ ፍላዬ ከኋላ ተኝቶ ይከተል ነበር። አጠገቤ የሚያልፉት ሰዎች መረባቸውን ሲያነሡ እኔ ሳንድዊች እበላለሁ። አንድ ቀን መትከያው ላይ ጀልባቸውን የሚያጥቡ አንድ አዛውንት ዕቃዬን አንሥተው አዩና ምንም ሳይናገሩ መቀስ አወጡ። ግማሹን ቆረጡት! ተናድጄ ነበር፤ አሁን ስናገረው ያስቀኛል።

መለኪያውን በክንድ ልንገራችሁ፤ ኢንች ለማይወዱ አባቶች። ለኮሆ፣ ማለትም ለብርማው ሳልሞን፣ አንድ ክንድ ተኩል፤ 24 ኢንች እስከ 30 ነው። ኮሆ ችኩል ነው፣ የሚፈናጠር ነገር ያሳብደዋል፤ ክሩ ባጠረ ቁጥር ውርወራው ይበረታል። ለቺኑክ ሁለት ክንድና ከዚያ ትንሽ በለጥ፤ 36 እስከ 42 ኢንች። ቺኑክ ረጋ ያለ ንጉሥ ነው፣ ስሙም ንጉሥ ሳልሞን ይባላል። ክሩ ከ40 እስከ 60 ፓውንድ የሚሸከም፣ ደንደን ያለ ይሁን። የምንፈልገው ዓሣው ስለሚከብድ አይደለም፤ ለስላሳ ክር ውርወራውን ውጦ ያስቀረዋል፣ ደንዳና ክር ግን ያስተላልፋል። የአንዳንዳችን ክንድ አጭር ስለሆነ ሜትር ያዙ፤ የኔን አይታችሁ ታውቃላችሁ።

ወደ ጥልቁ የሚያወርደው ዳውንሪገር ነው፤ በሽቦ የታሰረ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ። ፍላሸሩን መጀመሪያ ከጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ አድርጉና እዩት። ሙሉ ክብ በእርጋታ ከዞረ ጥሩ ነው። ሳይዞር ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ፍጥነት ጨምሩ፣ እንደ ማራገቢያ ከዞረ ቀንሱ። ከዚያ 15 ወይም 20 ጫማ ክር ልቀቁና ሽቦው ላይ ባለው መቆንጠጫ አሲዙት፤ ጀልባዋ እየሄደች ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ቸኩላችሁ ከለቀቃችሁት ፍላዩ ተጠማዝዞ ፍላሸሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሳታውቁት አንድ ሰዓት ባዶ ነገር ትጎትታላችሁ። በየሃያ ደቂቃው አውጥታችሁ እዩ፤ የባሕር ሣር ይይዛል፣ አንዳንዴም የማጥመጃ ዘንጉን የማያንቀሳቅስ ትንሽ ልጅ ሳልሞን ተይዞ ይንጠለጠላል። እሱን እስኪሞት መጎተት ነውር ነው።

ፍጥነትን በስልካችሁ አትመኑ። ስልኩ የሚነግራችሁ ከመሬት አንጻር ነው፤ ፒውጀት ሳውንድ ውስጥ፣ እዚህ ሲያትል ዳር ያለው የባሕር ወሽመጥ ማለቴ ነው፣ ግን ውኃው ራሱ ይሄዳል። የሽቦውን ማዘንበል ተመልከቱ፤ የውኃውን ፍሰት ተከትላችሁም ተቃርናችሁም ስትሄዱ ያው ከሆነ ፍጥነታችሁ ያው ነው። ቺኑክ በሰዓት 2 ማይልና ትንሽ ይበቃዋል፣ ኮሆ 3 ይወዳል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ጀልባዋ ስትዞር በውስጥ በኩል ያለው ዘንግ ዕቃው ይዘገያል፣ ይሰምጣል፤ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥናል፣ ከፍ ይላል። ዓሣው በየትኛው ዘንግ እንደ መታ ካያችሁ፣ ምን እንደሚፈልግ ራሱ ነገራችሁ ማለት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብዬ አልነዳም፤ እንደ እባብ ነው የምሄደው።

ጥልቀቱ? ጎሕ ሲቀድ ኮሆ 30 ጫማ ላይም ይገኛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይወርዳል። ቺኑክ ብዙ ጊዜ ከ100 ጫማ በታች፣ ወለሉን ታክኮ ነው የሚሄደው፤ ጄፈርሰን ሄድ ወይም ፖዜሽን ባር የሚባሉት ማጥመጃ ቦታዎች ላይም ቢሆን፣ ኳሱ ወለሉን እየነካ አሸዋ ካላስነሣ ገና ነው። ኳስ ለማጣትም ተዘጋጁ፤ የኔ ሦስቱ እዚያ ታች ናቸው።

ዓሣው ሲመታ የጎበጠው ዘንግ ቀና ይላል፤ ክሩ ከመቆንጠጫው ወጣ ማለት ነው። ቶሎ ጠቅልሉና አጥብቁ። እዚህ ሳልሞን የሚያዘው ጥርስ በሌለው መንጠቆ ነው፤ ክሩ አንዴ ከላላ ዓሣው ሄደ። ፍላሸሩ ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ መጠቅለል አቁሙና ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ሳቡት፤ ዓሣው ከዚያ ሁለት ክንድ ብቻ ነው ያለው። ክሯ አጭር የሆነችው ለዚህም ጠቀመች።

አሁን መረብ አታንሡ። መጀመሪያ ጀርባው ላይ፣ ከጭራው ቀደም ብላ ያለችውን ትንሽ ክንፍ እዩ። ተቆርጣ ጠባሳ ከሆነች ከማርቢያ የመጣ ነው። ካለች እንደ ተፈጥሯዊ ይቆጠራል፤ ጀልባ ውስጥ ሳታስገቡ ውኃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውልቃችሁ ልቀቁት። የፒውጀት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999 ጀምሮ ሊጠፋ ይችላል ተብሎ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። ድዱንም እዩ፤ ጥቁር ድድ ቺኑክ፣ ነጭ ድድ ኮሆ። ወቅቱ አጠረ ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፣ ከእኛም ውስጥ። ከዓሣው ግማሽ ድረስ የመያዝ መብት የነባር ጎሣዎቹ ነው፤ በ1850ዎቹ በፈረሙት ውል መሠረት፣ በ1974 ፍርድ ቤት ያጸናው። እኔ በዚህ ላይ አልጨቃጨቅም፣ በሰው ቤት ነው ያለሁት።

ደንቡ በየሳምንቱ ሊቀየር ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ጠዋት አንብቡ። ዕድሜው 15 የሞላ ሁሉ ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያ በታች ያሉ ልጆችም የያዙትን ሳልሞን የሚመዘግቡበት ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ወላጆች፣ ይህን እያያችሁ።

ፍልሰታ ከኮሆው ጋር ስለሚገጥም ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ትቻለሁ፤ እኔ ትልቅ ማቀዝቀዣ አለኝ።

ሦስተኛው ቡና እየመጣ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክር፣ ዶቃ፣ መንጠቆና ሦስት መለኪያ ሜትር አስቀምጫለሁ። ኮሆ የሚፈልግ በግራ፣ ቺኑክ የሚፈልግ በቀኝ ይቀመጥ። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቁን ከሳባችሁት ክሩ ይቃጠላል። መቀሱ እኔ ጋ ነው።