ውኃ በፈረቃ፣ ትምህርት በሬዲዮ

ሕይወት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ ልጆች ቤታቸው ሆነው እንዴት ይማሩ እንደነበር ነው። ዳዊት፣ አንተ ያኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ትኖር ነበርና ከዚያው ጀምርልን።

ዳዊት፦ ከእናቴ፣ ከእህቴና ከሁለት ልጆቿ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስለ ትምህርቱ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ውኃው ልናገር፤ የቤታችንን ውሎና አዳር የሚወስነው ቧንቧው ነበርና።

ሕይወት፦ በፈረቃ ነበር የሚመጣላችሁ?

ዳዊት፦ በፈረቃ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሞልተው እስኪዘጉ ድረስ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቃል። ስልክ ስንደውል እንኳ እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት እንሰማ ነበር፤ እኛም ከልባችን ለመታጠብ እንፈልጋለን፣ ነገር ግን ለአምስት ሰው እጅ በየሰዓቱ የሚበቃ ውኃ ከየት ይመጣል? እናቴ ሥርዓት አበጀችለት፦ ጄሪካኑ ለመጠጥና ለወጥ፣ በርሜሉ ለእጅና ለዕቃ፣ እጅ የታጠብንበት ደግሞ በሳፋ ተጠራቅሞ ለመጸዳጃ ቤት። የእናቴን ያህል ወረርሽኙን በብልሃት የተከላከለ ሰው አላየሁም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ሕይወት፦ ልጆቹስ መቼ ይማሩ ነበር?

ዳዊት፦ እመጣበታለሁ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። መጋቢት 30 ቀን በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር፣ በጋራ መገልገያው ሕንፃ የለመድነው ቅርጫ የሚቀር መስሎን ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን ጥቂት ሰዎች መርጠው አሳረዱ፤ መደቡም ከተዘጋጀ በኋላ እያንዳንዱ ቤት በስልክ እየተጠራ ተራ በተራ ወረደ። በዚያች ቀን እንኳ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ "ለማጠቢያ የሚሆን ውኃ ማን አለው?" የሚል ነበር።

ሕይወት፦ ይህን ሁሉ ስትተርክ ግን የእህትህን ድካም ዘለልኸው። ወጥ የምትሠራው፣ የምታጥበው፣ ልጆቹን የምታስጠናው እርሷ አይደለችም? ቤት መዋል በብዙ ቤት የሴቷን ሥራ በእጥፍ ጨምሯል።

ዳዊት፦ ጄሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

ሕይወት፦ እርሱ በፈረቃ ቀን ነው፤ የእርሷ ግን የዕለት ተዕለት ነው።

ዳዊት፦ በከፊል እስማማለሁ። እህቴ ከዚህም ሌላ ሥራ ትሄድ ነበር። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ታዝዞ ታሪፉ እጥፍ በመሆኑ፣ ከአባዶ መገናኛ ደርሶ መመለስ ከደመወዟ ላይ ብዙ ይወስድባት ነበር። ትምህርቱንም ያከበደው ይኸው ነው፤ መምህራኑ መልመጃ በቴሌግራም ይልኩ ነበር፣ ቴሌግራም ያለው ግን በእርሷ ስልክ ብቻ ነው፤ ስልኩም ከእርሷ ጋር ይወጣል። ልጆቹ መልመጃውን የሚገለብጡት ማታ እርሷ ስትመለስ ነበር። ስለዚህ ለእኛ ሰፈር የሚሆነው ያኔ በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው ትምህርት ነው እላለሁ፤ ዳታ አይጠይቅም፣ ስልክ አይሻማም።

ሕይወት፦ ሬዲዮ ግን አይጠየቅም። ልጁ ክፍልፋይ ካልገባው ማን ይመልስለታል?

ዳዊት፦ እናቴ ትመልስ ነበር፤ አራት ክፍል ብቻ ነው የተማረችው፣ ግን ዳቦውን ቆርሳ ታሳየው ነበር።

ሕይወት፦ እርሷ ባትኖርስ?

ዳዊት፦ ባትኖር ይከብድ ነበር፤ ቢሆንም ሬዲዮው ከምንም ይሻላል።

ሕይወት፦ እኔ አሁንም አልተስማማሁም። አዋጁ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ መከልከሉንም ልናነሣ ነበር፤ ሰዓታችን ስላለቀ በሚቀጥለው ዝግጅት ከእርሱ እንጀምራለን።