ሰውየውን ከሞተሩ ነጥሎ መመዘን፦ በየዘመኑ ስለነበሩ ታላላቅ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪዎች በሐዋሳ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሐዋሳ ሞተረኞችና መካኒኮች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መድረክ አዘጋጅታችሁ ስለጋበዛችሁኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ሞተር በሞላባት ከተማ ስለ ሞተር መናገር የሚያስፈራ ነገር አለው፤ እዚህ ከተቀመጠው ሰው ብዙው ኢንጂን በገዛ እጁ ፈትቶ የሚገጥም ነውና የማይሆን ነገር ብናገር በዝምታ አያሳልፈኝም።

የተሰጠኝ ርእስ ከየዘመኑ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪዎች ታላቁ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ይህ ጥያቄ ሻይ ቤት ውስጥ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ስም ያልቃል፤ ጎልማሳው ቫለንቲኖ ሮሲን ይላል፣ ወጣቱ ማርክ ማርኬዝን ይላል፣ ከሁለቱ በፊት የነበሩትን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔም ስም ጠርቼ ከመድረኩ እወርዳለሁ፤ ሆኖም ስሙን ከመጥራቴ በፊት በምን ሚዛን እንደመዘንሁ መናገር ይኖርብኛል፤ በዚህ ስፖርት ዙሪያ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ከሚዛኑ መለያየት የሚመጣ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ሚዛን ቁጥር ነው። የዓለም ሻምፒዮና ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ በዋንጫ ብዛት የሚስተካከለው ያልተገኘው ጣሊያናዊው ጃኮሞ አጎስቲኒ ሲሆን፣ ስምንት ጊዜ በ500 ሲሲ፣ ሰባት ጊዜ በ350 ሲሲ፣ በድምሩ 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ያሸነፋቸው ውድድሮችም 122 ናቸው። ስፔናዊው አንኸል ኒዬቶ በ13 ዋንጫ ይከተለዋል፤ ቁጥሩን ስለማይወደው «12 ሲደመር 1» ይል ነበር። የኒዬቶ ዋንጫዎች ግን በሙሉ በትንንሾቹ ምድቦች፣ በ50 እና በ125 ሲሲ፣ የተገኙ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ካርሎ ኡቢያሊ፣ ማይክ ሄይልዉድ፣ ቫለንቲኖ ሮሲና ማርክ ማርኬዝ እኩል ዘጠኝ ዘጠኝ ዋንጫ ይዘው ይገኛሉ። ቁጥር የሚበቃን ቢሆን ኖሮ አጎስቲኒ ብዬ በተቀመጥሁ ነበር።

ቁጥሩን እንዳለ እንዳልቀበል የሚያደርገኝ ግን የውድድሩ አሠራር ራሱ ነው። በቀድሞው ዘመን አንድ ሰው በአንድ ቀን በሁለትና በሦስት ምድብ ይወዳደር ስለነበር በአንድ ዓመት ሁለት የዓለም ዋንጫ መሰብሰብ ይቻል ነበር፤ የዛሬው ተወዳዳሪ በአንድ ምድብ ብቻ ተወስኖ በዓመት ከሃያ በላይ ከተሞችን ይዞራል፣ ከ2023 ጀምሮም በየቅዳሜው አጭር ውድድር ተጨምሮበታል። አጎስቲኒ በ1968 በ500 ሲሲ የተካሄዱትን አሥር ውድድሮችና በ350 ሲሲ የተካሄዱትን ሰባት ውድድሮች አንድም ሳያስቀር አሸንፏል። ይህን የሚሰማ ሰው መደነቁ አይቀርም፤ በዚያ ዓመት ከጎኑ ማን ተሰልፎ እንደነበረ ሲጠይቅ ግን መደነቁ ይቀንሳል፤ ወደዚህ ነጥብ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሚዛን ሰዓት ነው፤ ይህም ሩቅ አያስኬድም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። በመካከሉ ያለውን ከ13 ደቂቃ በላይ ልዩነት ቆጥሮ አበበን ዝቅ የሚያደርግ ኢትዮጵያዊ አላየሁም፤ ወደፊትም የማይ አይመስለኝም። ሁለቱም በእግራቸው ሮጠው እንኳ ሰዓት እንዲህ ካሳሳተን፣ ሞተር በተጨመረበት ውድድርማ ምን ያህል እንደሚያሳስት መገመት አያዳግትም። ብራድ ባይንደር የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ በ2023 ሙጄሎ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተመዝግቦለታል፤ የተቀመጠበት 1000 ሲሲ ኢንጂን፣ የካርቦን ፍሬንና የኋላ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር አጎስቲኒ በከበሮ ፍሬን ይወዳደር በነበረበት ጊዜ በሕልምም አይታሰቡም ነበር።

ስለዚህ እኔ የምይዘው ሚዛን ሰውየው ሞተር በቀየረ ጊዜ የሆነውን መመልከት ነው። አንድ ተወዳዳሪ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ፋብሪካ ሞተር ሲያሸንፍ ድሉ የእርሱ ይሁን የኢንጂኑ ለመለየት ያስቸግራል፤ ለምሳሌ ከ1958 እስከ 1974 ድረስ የ500 ሲሲ ዋንጫ በየዓመቱ በኤምቪ አጉስታ ላይ በተቀመጠ ሰው እጅ ነበር፤ ተቀማጮቹ ተለዋወጡ እንጂ ሞተሩ አልተለወጠም። የተቀመጠበትን ትቶ ወደ ሌላ ሲሻገር ግን ይዞት የሄደው የራሱ ብቻ ነው።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ በፊት የሚነሣው እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልዉድ ነው። በኤምቪ አጉስታ ከ1962 እስከ 1965 አራት ጊዜ በተከታታይ የ500 ሲሲ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ያን አሸናፊ ሞተር ትቶ ወደ ሆንዳ ሄደ። የሆንዳው 500 ሲሲ ኢንጂን ጉልበት ነበረው፣ ሻሲው ግን ያን ጉልበት የሚሸከም ስላልነበረ ኩርባ ላይ ይወዛወዝ ነበር። በኤምቪ በኩል የቀረው ባላጋራው ደግሞ ወጣቱ አጎስቲኒ ነበር።

የሁለቱ ሰዎች ግጥሚያ ከፍ ብሎ የታየው በ1967 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በሚገኘው «ማን» በተባለው ደሴት ላይ ነው። የማን ደሴት ውድድር በተለየ ሜዳ የሚካሄድ አይደለም፤ በመንደርና በተራራ የሚያልፍ፣ ግንብና የስልክ እንጨት የበዛበት ተራ የመኪና መንገድ ሲሆን፣ አንዱ ዙር ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከሐዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ ከመመለስ የሚረዝም መሆኑ ነው። ትልቁ ውድድር እንዲህ ያለ ስድስት ዙር ነበረው፤ ሲደመር ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ያልፋል። በውድድሩ መካከል የሄይልዉድ ነዳጅ መስጫ እጀታ ከመሪው ላይ መላቀቅ ጀመረ። ነዳጅ ለመሙላት በቆመ ጊዜ መዶሻ ተቀብሎ እጀታውን ደብድቦ ለማስገባት ሞከረ፤ በቂ ሆኖ አልያዘለትም። ከመካከላችሁ የሚከዳ እጀታ ይዞ ከገበያ ቤቱ የደረሰ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ሄይልዉድ ግን በዚያ እጀታ አንዱን ዙር በአማካይ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዞረ፤ ያ ክብረ ወሰን እስከ 1975 ድረስ አልተሰበረም። አጎስቲኒ እየመራ ሳለ ካቴናው ተበጠሰበትና ድሉ ለሄይልዉድ ሆነ። በዚያው ዓመት አሰን ላይ ሄይልዉድ በአንድ ቀን በ250፣ በ350 እና በ500 ሲሲ ሦስት ውድድር አሸንፏል። በ500 ሲሲ የዓመቱ ፍጻሜ ላይ ሁለቱም በ46 ነጥብና በአምስት አምስት ድል እኩል ሆኑ፤ ዋንጫው ለአጎስቲኒ የተሰጠው ሁለተኛ በወጣባቸው ውድድሮች ብዛት በልጦ ነው። ሄይልዉድ ሞንዛ ላይ እየመራ ሳለ መጨረሻው አካባቢ ማርሹ ባያስቸግረው ኖሮ የዛሬው ቆጠራ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሆንዳ ከውድድሩ ወጣ፤ ሄይልዉድንም ለሌላ ፋብሪካ በዓለም ሻምፒዮና እንዳይወዳደር ገንዘብ ከፍሎ አስቀመጠው። እንግዲህ ያ የ1968 ሙሉ ድል የተገኘው የሚመጥን ሞተር የያዘ ባላጋራ በሌለበት ሜዳ ነው። ይህን ስል አጎስቲኒን ለማሳነስ አይደለም፤ በ1974 ወደ ያማሃ ተሻግሮ በማግሥቱ ዓመት የ500 ሲሲ ዋንጫን ባለሁለት ምት ኢንጂን ባለው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው እርሱ ነው። በእኔ ግምት ይህ አንድ ዋንጫ ከቀደሙት ከብዙዎቹ የበለጠ ክብደት አለው።

ሄይልዉድ ከማን ደሴት 11 ዓመት ከራቀ በኋላ በ1978፣ በ38 ዓመቱ፣ ተመልሶ በዱካቲ አሸነፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ባለሁለት ምት ኢንጂን በያዘው ሱዙኪ ደገመው። በዚያው ደሴት ላይ በ1961 ያሸነፈው ባለአንድ ፒስተን ኖርተን ይዞ እንደነበረ ስናስታውስ፣ ይህ ሰው ያላሸነፈበት የኢንጂን ዓይነት መፈለግ ይከብዳል።

አሁን ወደ ሮሲ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት እርሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ሮሲ በ2003 መጨረሻ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ሆንዳን ለቆ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር ወዳላሸነፈው፣ ከ1992 ወዲህም የትልቁን ምድብ ዋንጫ ወዳላየው ያማሃ ሄደ። የ2004 የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በአህጉራችን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዌልኮም ነበር፤ ሮሲ በሆንዳ ላይ ከተቀመጠው ከማክስ ቢያጂ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ አሸነፈ፤ ከዚያም ሞተሩን አቁሞ አጠገቡ ተቀመጠ። ዋንጫውንም በዚያው ዓመት ወሰደ። እዚህ ላይ ለመካኒኮቻችን የምለው አለኝ፤ ሮሲ ወደ ያማሃ የሄደው ብቻውን አልነበረም፤ ሚክ ዱሃን አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ሞተሩን ያዘጋጅ የነበረው አውስትራሊያዊው ዋና መካኒክ ጄረሚ በርጄስም አብሮት ሄዷል። በእኔ እምነት የበርጄስ ስም ከሮሲ ስም አጠገብ ሊጻፍ ይገባዋል።

ነገር ግን ሚዛኑ ለሮሲ ሲሆን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሚዛን አይባልም። ኬሲ ስቶነር በ2007 በዱካቲ አሥር ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዱካቲ በአጠቃላይ 23 ጊዜ አሸነፈ፤ ሌሎች ጥሩ ተወዳዳሪዎች በዚያው ሞተር ሲቸገሩ እርሱ ያሸንፍ ነበር። ስቶነር ለቆት ሲሄድ ሮሲ በ2011 ተረከበው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈበትም። ስቶነር ግን በዚያው በ2011 ሆንዳ ይዞ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2012 መጨረሻም በ27 ዓመቱ ስፖርቱን ተወ። የሮሲ ደጋፊዎች ይህ ጉዳይ ሲነሣ ወሬ ማስቀየር ይወዳሉ።

ኤዲ ላውሰን በ1988 በያማሃ፣ በ1989 በሆንዳ ሻምፒዮን መሆኑን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ጸጥተኛ ሰው ስለነበረ ስሙ የሚገባውን ያህል አይጠራም። ዱሃን ግን ሁሉንም ዋንጫ ያገኘው በሆንዳ ስለሆነ በእኔ ሚዛን ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ይህ የሚዛኑ ጉድለት ነው። በ1992 አሰን ላይ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ሊቆረጥ ጥቂት ነበር የቀረው፤ በእግሩ የኋላውን ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው በግራ አውራ ጣት የሚሠራ ፍሬን መሪው ላይ ተገጠመለትና ከ1994 እስከ 1998 ማንም አልደረሰበትም።

ወደ ማርኬዝ ከመሻገሬ በፊት ስለ መውደቅ አንድ ነገር ልናገር። ማርኬዝ በ2017 በልምምድና በውድድር 27 ጊዜ ወድቆ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። ለእርሱ መውደቅ የጎማውን ልክ ማወቂያ ነው፤ ይህንን ያስቻለው ከኩርባው ውጭ የተነጠፈው ጠጠርና ከ2018 ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው በአየር የሚነፋ ልብስ ነው። በማን ደሴት ላይ ልኩን በመውደቅ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ዕድል አልነበረውም። አጎስቲኒ በ1972 ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዚያ መንገድ ላይ ሲሞት ዳግመኛ አልወዳደርበትም አለ፤ ከ1976 በኋላም ደሴቱ ከዓለም ሻምፒዮና ተሰረዘ። እንግዲህ የቀድሞው ተወዳዳሪ ሁልጊዜ ጥቂት ፍጥነት በእጁ አስቀርቶ ይነዳ ነበር፤ የዛሬው የሚያስቀረው የለም። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች እስኪመስሉኝ ድረስ የሚራራቁ ናቸው፤ ማርኬዝን በ1967 መንገድ ላይ፣ ሄይልዉድን በዛሬው ኩርባ ላይ አስቀምጦ መፍረድ የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ማርኬዝ በ2020 ሄሬዝ ላይ ቀኝ ክንዱን ሰብሮ አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስድስት ጊዜ የትልቁ ምድብ ሻምፒዮን የሆነበትን ሆንዳን ትቶ በ2024 አንድ ዓመት ባለፈበት ዱካቲ ሦስት ውድድር አሸነፈ፤ በ2025 ወደ ፋብሪካው ቡድን ገብቶ አምስት ዙር ሲቀር ሞቴጊ ላይ ዋንጫውን ዘጋ። በ2022 እና በ2023 ሻምፒዮን የነበረው ፍራንቼስኮ ባኛያ በዚያው ቡድን፣ በአንድ ዓይነት ሞተር ላይ ተቀምጦ በዓመቱ ሁለት ሲያሸንፍ ማርኬዝ 11 አሸንፏል። ይህንን ያህል ልዩነት ሞተሩ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ሮሲ ወደ ደካማው ሞተር ሲሄድ ማርኬዝ ወደ ጠንካራው መሄዱን አልዘነጋም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሄይልዉድን ከሁሉ አስቀድማለሁ። በአንደኛው እጅ ከማን ደሴት ግንብ፣ በሌላው እጅ ከጠላው ሻሲ ጋር እየታገለ የዘመኑን ትልቅ ባላጋራ በእኩል ነጥብ አስቁሟል፤ የኢንጂን ዓይነት ሲለዋወጥ እርሱ አልተለወጠም። ማርኬዝን ከእርሱ ቀጥሎ፣ ስቶነርን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ከምታስቡት ከፍ አድርጌ ከሮሲ ጋር እኩል አስቀምጣለሁ። በዚህ የሚቆጣ እንደሚኖር አውቃለሁና ከንግግሬ በኋላ እዚሁ እገኛለሁ።

ይህ ደረጃ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም። በ2027 ደንቡ ተለውጦ ኢንጂኑ ከ1000 ወደ 850 ሲሲ ይወርዳል፣ ሞተሩን ዝቅና ከፍ የሚያደርገው መሣሪያ ይከለከላል፣ የጎማው አቅራቢም ይቀየራል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሞተር የሚቀይርበት ዓመት ስለሆነ ለእኔ ሚዛን ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች ማን ቀድሞ እንደሚላመድ አብረን እንየው።

አመሰግናለሁ።